በዓመት 40 ደቂቃ

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ ከሪችመንድና ከባልቲሞር ድረስ የመጣችሁ እንግዶቻችን፣ እንኳን በደህና መጣችሁ። አምና ንግግሬ ረዝሞ ጥብሱ ቀዘቀዘ የሚል አቤቱታ ደርሶኛል። ዘንድሮ አሳጥራለሁ። ቃል ግን አልገባም።

የሥራ ሪፖርቱን ጸሐፊያችን፣ ሒሳቡን ገንዘብ ያዣችን ያቀርባሉ። እኔ የማነሳው አንድ ጉዳይ ነው።

እስቲ አንድ የአውቶክሮስ ቀን እንቁጠር። ለእንግዶቻችን፣ አውቶክሮስ ማለት ባዶ ሜዳ ላይ በፕላስቲክ ኮን በተሠራ ጠማማ መስመር፣ ኮርስ የምንለው ላይ፣ መኪኖች ተራ በተራ ከሰዓት ጋር የሚወዳደሩበት ስፖርት ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ስታዲየሙ መኪና ማቆሚያ እንደርሳለን። መኪናው ይፈተሻል፣ ሄልሜት ይታያል፣ ኮርሱን በእግራችን እንዞራለን። ከዚያ አስፋልቱ እየጋለ ፀሐይ ላይ ቆመን ሌላው የጣለውን ኮን እናነሳለን። ወደ ቤት የምንመለሰው አሥር ሰዓት ላይ ነው። ታዲያ ከዚህ ሁሉ ውስጥ መሪ ጨብጠን የምንሮጠው ምን ያህል ነው? አራት ዙር። አንዱ ዙር ቢበዛ አንድ ደቂቃ። አራት ደቂቃ ማለት ነው። በዓመት አሥር ውድድር ሳይቀር የገባ ጎበዝ፣ ዓመቱን ሙሉ የነዳው 40 ደቂቃ ነው።

ቡና ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ ተፈልቶ በረካው ሳይደርስ 40 ደቂቃ ያልቃል።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። እዚህ አገር ስፖርቱን ከሚመሩት ትልቁ እ.ኤ.አ. በ1944 የተመሠረተው የአሜሪካ ስፖርት ካር ክለብ ነው። ብሔራዊ ውድድሩን የሚያደርገው ሊንከን፣ ኔብራስካ ነው። ከዲሲ ወደ 1,200 ማይል ነድተህ ትሄዳለህ፤ ሁለት ኮርስ ላይ ሦስት ሦስት ዙር ትነዳለህ፤ ስድስት ዙር ነው፣ አለቀ። ስድስት ደቂቃ ላልሞላ ነገር ሁለት ቀን መንገድ። ለባለቤቴ ይህን ሳስረዳት ዝም ብላ አየችኝ።

እንግዲህ በዚህች 40 ደቂቃ ውስጥ ብቻችንን እየሞከርን፣ እየሳትን እንማራለን የምንለው ነገር ነው ዛሬ የምቃወመው። ለመሳሳትም ጊዜ ያስፈልጋል። እኛ ያ ጊዜ የለንም። ያለን አማራጭ ቀኝ ወንበር ላይ የሚያውቅ ሰው ማስቀመጥ ነው።

አንድ ነገር ልናዘዝ። እኔ ዲሲ ውስጥ 19 ዓመት ታክሲ ነድቻለሁ። መንዳትን ማንም አያስተምረኝም ባይ ነበርኩ። አሮጌ ማዝዳ ሚያታ ገዛሁ፤ የመጀመሪያው ሞዴል፣ 1.6 ሊትር፣ 116 የፈረስ ጉልበት። በመጀመሪያው ዓመት መጨረሻ ከጅራት ሦስተኛ ወጣሁ። ጥፋቱን ያገኘሁት ማን ላይ መሰላችሁ? ጎማው ላይ። በእኛ ምድብ የሚፈቀደውን፣ ትሬድዌሩ (ጎማው ቶሎ አለመበላቱን የሚያሳየው ቁጥር) 200 የሆነውን ውድ ጎማ ገዝቼ አስገጠምኩ። በሁለተኛው ዓመት ከጅራት አምስተኛ ሆንኩ። ሁለት ደረጃ ለመውጣት ያወጣሁትን ገንዘብ እዚህ አልናገርም፤ ባለቤቴ አዳራሹ ውስጥ አለች።

ከዚያ አንድ የጀማሪዎች ትምህርት ቀን ላይ አሰልጣኝ ተመደበልኝ። ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው፤ ፀጉራቸው ሙሉ በሙሉ ሸብቷል። ደረታቸው ላይ የተንጠለጠለ መነጽር አላቸው። እውነቱን ልናገር፣ ንቄያቸው ነበር። ቀበቶ አሰሩና «እንደ ሁልጊዜህ ንዳ፣ እኔ የለሁም ብለህ አስብ» አሉኝ። ነዳሁ። ጎማው ጮኸ። ከመሪው ጋር ትግል ገጠምኩ። 52 ሰከንድ ገባሁ፣ ደስ አለኝ። ከዚያ ወረዱና ቦታ ተቀያየርን። ወንበሩን ወደ ፊት አስጠጉት፣ መነጽራቸውን አደረጉ፣ ተነሱ። ጎማው ትንፍሽ አላለም። ሽርሽር የወጣን ነው የመሰለኝ። ሰዓቱን ሳየው 48 ይላል።

በእኔ መኪና። በእኔ ጎማ። እኔን 90 ኪሎውን ጭነው!

«ዓይንህ የት ነበር?» አሉኝ። መንገዱ ላይ አልኩ። «አይደለም። አጠገብህ ያለው ኮን ላይ ነበር፤ አንዳንዴም ያለፍከው ላይ።» ቀጣዩን ዙር እኔ ስነዳ አንዲት ቃል አልተናገሩም። ክንዳቸውን ዳሽቦርዱ ላይ ዘርግተው በጣታቸው ብቻ ያሳያሉ። የእኔ መኪና አንደኛው ኮን ጋ ሲደርስ ጣታቸው አራተኛው ላይ ነው። እኔ አራተኛው ስደርስ እሳቸው የሉም፣ መውጫው ላይ ናቸው። ያቺን ጣት ተከትዬ ሁለት ሰከንድ ቀነስኩ።

ነገሩን በኋላ ሳሰላስለው ገባኝ። የታክሲ ሰው ዓይኑ ቅርብ ነው። እግረኛ መንገዱ ዳር እጁን ያነሳው ሰው፣ ሊከፈት ያለ የቆመ መኪና በር፣ ሹልክ የሚል ብስክሌት። ያ ዓይን 19 ዓመት እንጀራ አብልቶኛል፣ አላማውም። አውቶክሮስ ላይ ግን አይሠራም። በ40 ማይል ፍጥነት መኪናችሁ በሰከንድ 18 ሜትር ይሄዳል። ዘጠኝ ሜትር ላይ ያለ ኮን ላይ ያፈጠጠ ሰው ያለው ጊዜ ግማሽ ሰከንድ ነው። እሱ «ልጠምዝዝ» ብሎ ሳይጨርስ ኮኑ ከመኪናው ሥር ገብቷል። ይህን በራሴ ዕድሜ ልኬን አላገኘውም ነበር፤ ሰው የገዛ ዓይኑን አያየውማ።

ሁለተኛው በሽታዬ እጄና እግሬ ነበሩ። እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፣ ምክንያቱም አብዛኞቻችን የታመምነው እዚሁ ነው። ጎማ ያለው ኃይል የተወሰነ ነው። ደመወዝ ነው በሉት። ሙሉውን ለፍሬን ከሰጣችሁት ለመታጠፍ የሚቀር ሳንቲም የለም። መሐንዲስ ወንድሞቻችን «ሒሳቡ እንደዚያ ቀጥታ አይደለም፣ ክብ ነው» ብለው ሁልጊዜ ያርሙኛል። ልክ ናቸው። ግን ለእኔ ቢጤ ደመወዙ ይበቃል። ፍሬን ስትረግጡ የመኪናው ክብደት ወደ ፊት ይመጣል፣ የፊት ጎማ አስፋልቱን ነክሶ ይይዛል። ፍሬኑን በአንዴ ከለቀቃችሁት ግን ፊቱ ይቀልና መኪናው አልታጠፍም ይላል። ቀስ አድርጋችሁ፣ መሪው እየዞረ በሄደ ቁጥር እግራችሁን እያነሳችሁ ከለቀቃችሁት ይታጠፋል። ኩርባው መሃል ደንግጣችሁ ነዳጁን ድንገት ከተዋችሁት ደግሞ የኋላው ይቀልና ጭራው ይወጣባችኋል።

የሦስት ጊዜ የፎርሙላ ዋን ሻምፒዮኑ ጃኪ ስቱዋርት ይህንን ሲያስተምር ኮፈኑ ላይ ጎድጓዳ ሳህን፣ ሳህኑ ውስጥ ኳስ አድርጎ ያሳይ ነበር። ኳሷን ሳትጥል መንዳት ነው ሥራው። እኛ ሳህንና ኳስ አያስፈልገንም። ልቅሶ ቤት የሽሮ ድስት ኋላ ወንበር ላይ አድርጋችሁ የሄዳችሁበትን ቀን አስታውሱ። እንደዚያ ንዱ፤ ፈጥናችሁ ግን።

መስመርም አለ። ራዲየሱ 15 ሜትር የሆነ ኩርባ፣ ደህና ጎማ ባለው መኪና፣ ወደ 26 ማይል ያስኬዳል። መግቢያውን ሰፋ አድርጎ የያዘ ሰው ያንኑ ኩርባ 20 ሜትር ካደረገው ወደ 30 ማይል ይደርሳል። አራት ማይል፣ ያለ ምንም ወጪ። ጎሚስታው ጋ አይሸጥም።

እንግዲህ አሰልጣኝ ምን እንደሚሠራ ለኢትዮጵያዊ ማስረዳት የሚያሳፍር ነው። ዶክተር ወልደመስቀል ኮስትሬን የሚያውቅ ሕዝብ ነን። በቆጂ ላይ ስንታየሁ እሸቱ ገና በልጅነታቸው ያዩአቸው ልጆች እነማን እንደሆኑ እናውቃለን። ቀነኒሳን ጫማው ነው ያሮጠው ያለ ሰው ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? መኪና ላይ ስንደርስ ግን ወሬያችን ሁሉ ስለ ጫማው ነው።

ሁሉም ፈጣን ሰው አሰልጣኝ ይሆናል ማለቴም አይደለም። እኔው ማስረጃ ነኝ። ትንሽ የቻልኩ ሲመስለኝ አንድ ወጣት አባላችን አጠገብ ተቀመጥኩ። በአንድ ዙር ውስጥ «ፍሬን! ዓይንህን! ነዳጅ! አሁን! ቀደም በል!» እያልኩ አንባረቅኩበት። ልጁ ስድስት ኮን ጣለ። አንድ ኮን ሁለት ሰከንድ ነው፤ 12 ሰከንድ ተጨመረበት። ጥፋቱ የእኔ፣ ቅጣቱ የእሱ ሆነ። ዛሬም እዚሁ ተቀምጧል፣ ይቅርታዬን በሰው ፊት እደግመዋለሁ። ከዚያ ወዲህ ሕጌ አንድ ዙር አንድ ነገር ነው። ዓይን ከሆነ ዓይን ብቻ። ሌላው ሁሉ ቢበላሽም ዝም።

ይህ ሕግ እንደሚሠራ ባለፈው ሐምሌ አየነው። የማታ ፈረቃ ነርስ የሆነች እህታችን ልጆቿን ትምህርት ቤት በምታደርስባት ኮሮላ ገባች። መኪናው አይታጠፍልኝም አለች። አሰልጣኟ ሌላ ነገር ሳትነካ፣ ጎማው ኩርባ ላይ ምን ያህል ወደ ጎኑ እንደሚተኛ ለማየት፣ የፊት ጎማዎቹ ትከሻ ላይ በጠመኔ አሰመረች። ከዙሩ ሲመለሱ ጠመኔው እስከ ጎማው ጎን ድረስ ተፍቋል። ሁላችንም «ንፋስ ይጨመርበት» ብለን ተንጫጫን። አሰልጣኟ እምቢ አለች። «ጎማው ንፋስ ስላነሰው አይደለም የማይታጠፈው፤ መሪውን ከሚገባው በላይ ስለምትጠመዝዢው ነው። እስቲ በሚቀጥለው ዙር ቀንሺለት» አለቻት። ቀነሰች። ስትመለስ የጠመኔው መስመር ግማሹ አለ፣ ሰዓቷም በአንድ ሰከንድ ከግማሽ ወርዷል። እህታችን ከመኪናው ወርዳ፣ ተንበርክካ ያቺን የጠመኔ መስመር በስልኳ ፎቶ አነሳች። የዋንጫ ፎቶ ያነሳ ብዙ ሰው አይቻለሁ፤ የጠመኔ ግን የመጀመሪያዬ ነው።

ስለዚህ ሥራ አስፈጻሚው ለጉባኤው የሚያቀርበው ሐሳብ እንዲህ ነው። ለዋንጫና ለቲሸርት በየዓመቱ የምንመድበው ገንዘብ ዘንድሮ ወደ ሥልጠና ይዙር። ዋንጫ የምትወዱ ታኮርፉ ይሆናል። ሰባት ዋንጫ ያለው ሰው አውቃለሁ፤ ሚስቱ ሁሉንም ጋራዥ አውርዳበታለች። በገንዘቡ በፀደይ ወራት ዌስት ቨርጂኒያ ሰሚት ፖይንት ያለውን የመንሸራተቻ ሜዳ ለአንድ ቀን እንከራይ። ሜዳው ውሃ ሲረጭበት ጎማ በዝቅተኛ ፍጥነት ይለቃል። በ60 ማይል የሚያስደነግጠውን ነገር በ20 ማይል ተረጋግታችሁ፣ እየደጋገማችሁ ታዩታላችሁ። በአንድ ጠዋት እዚያ የምትነዱት ከዓመቱ 40 ደቂቃ ይበልጣል። አዲስ የሚገባ ሰው ደግሞ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ውድድሮች ያለ አሰልጣኝ አይነዳም። ይህ ለእኔ ቢጤ የታክሲና የሊሞ ሰዎችም ይሠራል። በተለይ ለእኛ።

ስለ ወጣቶቻችን አንድ ነገር ብቻ ልበል። ማታ ማታ አውራ ጎዳና ላይ ጎማ የሚያስጮሁትን ታውቋቸዋላችሁ፤ የአንዳንዶቻችን ልጆች ናቸው። ቨርጂኒያ ውስጥ ከ85 ማይል በላይ መንዳት ተራ ቅጣት ሳይሆን የወንጀል ክስ ነው። ቁጣና ምክር ሞክረናል፣ አልሠራም። ቁልፉን ተቀብላችሁ ሳይሆን ከነቁልፉ አምጡልን። ፈጣን ነኝ የሚለውን ልጅ እኚያ ሽበታም መምህርት አጠገብ እናስቀምጠዋለን። የቀረውን እሳቸው ያውቁበታል፤ በዚህ ዓመትም እንደሚመጡ ነግረውኛል።

በሩ አጠገብ ሁለት ወረቀት አለ። አንደኛው ላይ መማር የምትፈልጉ፣ ሁለተኛው ላይ ቀኝ ወንበር ላይ ለመቀመጥ ፈቃደኛ የሆናችሁ ስማችሁን ጻፉ። ጠዋት ሳየው ሁለተኛው ወረቀት 11 ስም ነበረው፤ የመጀመሪያው ላይ አንድ። እሱም የእኔ ነው።

ዓመታዊ ጉባኤያችን በይፋ መከፈቱን አበስራለሁ። ጥብሱ ገና ትኩስ ነው፣ ጠይቄያለሁ።