ከጀርባ ስለሚቀዳው ውሃ፦ ስለ ማጅራት ገትር ለጅማ እድርተኞች የተዘጋጀ ንግግር

የተከበራችሁ የእድር ዳኞች፣ እናቶችና አባቶች፣

ማጅራት ገትር ስሙን ያወጣለት ሥራው ነው። አንጎልንና ህብለ ሰረሰርን የሸፈነው ስስ ሽፋን ሲቆጣ ማጅራት ይገተራል፤ ሕመምተኛው አገጩን ደረቱ ላይ ማድረስ ያቅተዋል። ድንገተኛ ትኩሳት፣ ብርቱ ራስ ምታት፣ ትውከት፣ ብርሃን መጥላትና መቃዠት አብረው ይመጣሉ። የሕፃን አንገት ግን ላይገተር ይችላል፤ ጡት እምቢ ካለ፣ ከፈዘዘ ወይም እርግብግቢቱ ካበጠ ሳይታከም ማደር የለበትም።

ትኩሳት ሲነሳ «ምች ነው» ብሎ ዳማከሴ ማሸት፣ አንገት ሲደርቅ ወጌሻ መጥራት ልማዳችን ነው። በዚህ መሀል ሰዓቱ ያልፋል። በባክቴሪያ የሚመጣው ዓይነት ከ6 ሕመምተኛ አንዱን ይገድላል፤ ከሚተርፉት 5 ሰዎች አንዱ እንደ ደንቆሮነት ወይም የሚጥል በሽታ ያለ ከባድ ጉዳት ይዞ ይቀራል። ከመድኃኒት ቤት በግምት የተገዛ አሞክሲሲሊንም ጀርሙን ሳያጠፋ ከምርመራ ሊሰውረው ይችላል።

አሁን ወደምትፈሩት መርፌ እንምጣ። ሐኪም አንጎልንና ህብለ ሰረሰርን የከበበውን ፈሳሽ ለመመርመር «ከጀርባ ውሃ ይቀዳ» ሲል ብዙ ቤተሰብ «ሽባ ያደርገዋል» ብሎ አልፈርምም ይላል። የአዋቂ ሰው ህብለ ሰረሰር የሚያልቀው በ1ኛውና በ2ኛው የወገብ አጥንት አካባቢ ነው። መርፌው የሚገባው ከዚያ ወረድ ብሎ፣ በ3ኛውና በ4ኛው ወይም በ4ኛውና በ5ኛው መካከል ነው፤ እዚያ ያሉት በውሃው ውስጥ የሚዋልሉ የነርቭ ክሮች ናቸው። የሚቀዳው ጥቂት ሚሊ ሊትር ነው፤ ሰውነት በቀን ወደ 500 ሚሊ ሊትር ያመነጫል። ለጥቂት ቀናት ራስ ምታት ሊኖር ይችላል። ዘግይቶ የመጣ ሕመምተኛ ከምርመራው በኋላ ሲሞት ሰው መርፌውን ይከሳል፤ የገደለው ግን በሽታው ነው። ሐኪሙ አንጎል ውስጥ ግፊት መኖሩን ከጠረጠረ ራሱ ያዘገየዋል፤ መድኃኒቱን ግን ወዲያው ይጀምራል።

ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ሴፍትሪያክሶን የተባለ ጀርም ገዳይ መድኃኒት ነው፣ በደም ሥር፣ እንደ ጀርሙ ዓይነት ከ5 እስከ 14 ቀን። ትኩሳቱ በረደ ብላችሁ «አውጡልን» አትበሉ። አብራችሁ የምታድሩም መከላከያ መድኃኒት ያስፈልጋችሁ እንደሆነ ጠይቁ።

ሕፃናት በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንታቸው የሚወስዱት ክትባት ከዋና ዋናዎቹ ጀርሞች ሁለቱን ይከላከላል፤ በጤና ጣቢያ በነፃ ይሰጣል።

ለመረጃ 952 ወይም 8335 ደውሉ፤ ነፃ ነው። ምልክት ከታየ ግን ስልኩን ትታችሁ ወደ ጤና ጣቢያ፤ ሌሊት ከሆነ ወደ ሸነን ጊቤ ሆስፒታል ወይም ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ሂዱ። እድራችንም ለቀብር ከሚያስቀምጠው ገንዘብ ለባጃጅና ለመኪና ኪራይ የሚሆን ቢመድብ እንለምናለን።

የዳነ ልጅ ከሆስፒታል ከወጣ በ4 ሳምንት ውስጥ ጆሮው ይመርመር። ሲጠሩት የማይዞረው ጆሮው አልሰማ ብሎት ሊሆን ይችላል፤ እልኸኛ ነው ብላችሁ አትቅጡት።