«ካል?» አሉኝ

እሺ፣ እንደምን ሰነበታችሁ።   አባባ ደህና ነው። ትናንት ባርኔጣውን አድርጎ እስከ ዳቦ ቤቱ በእግሩ ደርሶ መጣ። 

ዛሬ የማወራው ስለ አንድ ቃል ነው። ሰሞኑን ሌሊት ሌሊት እየቀሰቀሰኝ ነው። ቃሉ «ካል» ይባላል። በሂንዲ ትናንት ማለት ነው። ነገም ማለት ነው። አዎ፣ አንድ ቃል ለሁለቱም። «ፓርሶን» ደግሞ ከትናንት ወዲያም ከነገ ወዲያም ነው። የቱ እንደሆነ የሚለየው ግሡ ነው። «ካል አያ ታ» ከተባለ ትናንት መጥቶ ነበር። «ካል አዬጋ» ከተባለ ነገ ይመጣል። ግሥ ሳይኖር «ካል» ብቻ ከተባለ ግን፣ እንግዲህ ከሁኔታው መገመት ነው።

እሱ ጋ እመለሳለሁ። መጀመሪያ ግን…

አባባን ለማሳከም ዴልሂ ስንገባ ከ«ናማስቴ» ሌላ ምንም አልችልም ነበር። ያረፍነው ላጅፓት ናጋር የሚባል ሰፈር ነው። ሜትሮው ውስጥ «አግላ ስቴሽን ላጅፓት ናጋር ሄ» ይላል። ቀጣዩ ጣቢያ ላጅፓት ናጋር ነው። ቃል በቃል አስቀምጡት እስቲ። አግላ ቀጣዩ፣ ስቴሽን ጣቢያ፣ ሄ ነው። አንድም ቃል ቦታውን አልለቀቀም። ግሡ እንደኛው መጨረሻ ላይ ቁጭ ብሏል። ይሄ የገባኝ ቀን ባቡሩ ውስጥ ቆሜ ፈገግ አልኩ። እንግሊዝኛ ስንማር እኮ ዐረፍተ ነገሩን ሁሉ መገልበጥ ነበረብን። እዚህ መገልበጥ የለም። ቤት ውስጥ ለማለት «ጋር ሜን» ነው። ጋር ቤት፣ ሜን ውስጥ። ጠረጴዛ ላይ «ሜዝ ፓር» ነው። ላይና ውስጥ ከስሙ በኋላ ይመጣሉ፣ ልክ እንደኛ።

ይሄን ደግሞ ስሙ። እኛ ራበኝ ነው የምንለው አይደል? ረሃቡ ነው የሚመጣብኝ። ጠማኝ፣ በረደኝ፣ አመመኝ። ሂንዲም እንደዚያ ነው። «ሙጄ ቡክ ላጊ ሄ» ይላሉ፣ ረሃብ ነክቶኛል እንደማለት። ሂንዲ እችላለሁ ለማለት ራሱ «ሙጄ ሂንዲ አቲ ሄ» ነው። ሂንዲ ትመጣልኛለች።

እኔ መጀመሪያ የፈለግኳት ዐረፍተ ነገር «ፓፓ ኮ ዳርድ ሄ» ነበረች። አባባን አሞታል። ያቺ «ኮ» የኛዋ «ን» በሏት። «አባባን» ስንል ያለችው «ን»። ቀዶ ሕክምናው ባለቀ በሁለተኛው ሌሊት ኮሪደሩን ሮጬ ለነርሷ ያልኳት እሷን ነው። በአንድ ሳምንት ሂንዲ። ገባት። ስልኳን አስቀምጣ ወዲያው ተነሳች። ቋንቋውን የወደድኩት ያኔ ይመስለኛል። ወይም ፈርቼ ስለነበር ነው፣ እንጃ።

ነርሷ ከደቡብ ሕንድ፣ የኬረላ ልጅ ናት። እዚያ ብዙዎቹ ነርሶች የኬረላ ልጆች ናቸው። እርስ በርስ የሚያወሩት ማላያላም ነው፣ ከሂንዲ ጋር በዘርም የማይገናኝ ቋንቋ። አባባ ኬረላ የሚለውን ሲሰማ ከትራሱ ቀና አለ። በጃንሆይ ጊዜ እኛ ትምህርት ቤቶች ያስተምሩ ከነበሩት ሕንዶች ብዙዎቹ ከዚያ የመጡ ናቸው። «ሒሳብ ያስተማረኝ ያንቺ አገር ሰው ነው» አላት፣ በዚያ በድሮው የትምህርት ቤት እንግሊዝኛው። ልጅቷ እጁን ያዘችው። ደም ግፊቱን ልትለካ ነበር የመጣችው፣ ግን መጀመሪያ እንዲሁ ያዘችው።

ሒሳብ ስል ትዝ አለኝ። ሂንዲም «ሂሳብ» ነው የሚለው። ካረፍንበት ቤት ሥር ያለው ባለሱቅ የወሰድነውን ውሃና ብስኩት ደብተር ላይ ይጽፍና ማታ «ሂሳብ» ይለኛል። እንደ ሰፈሬ ሱቅ። ቀሚስ «ካሚዝ» ነው፣ እነሱ ግን ከሱሪ ጋር የሚለበሰውን ነው የሚሉት። ወቅት «ዋክት» ነው፣ ጊዜ ለማለት። «ሃኪም» አለ፣ በባህላዊው በዩናኒ ሕክምና የሚያክመው ሰው ነው። በዐረብኛ በኩል እኛም ጋ እነሱም ጋ የተዳረሱ ቃላት ናቸው። ሐኪም የሚለውን እዚያ ስሰማ፣ በዚያ ሁሉ ጭንቀት መሀል፣ አንድ የማውቀው ሰው በስሜ የጠራኝ ነው የመሰለኝ።

እሺ። «ካል?» ያሉኝ ሰውዬ።

አባባን በተሽከርካሪ ወንበር የሚያመላልሱት ሽማግሌ። ከክፍል ወደ ራጅ፣ ከራጅ ወደ ክፍል። ሁሉም «ቻቻ» ነው የሚላቸው። ቻቻ የአባት ታናሽ ወንድም ነው፣ አጎቴ እንደማለት። ሂንዲን የተማርኩት ግማሹን ከስልኬ፣ ግማሹን ከማረፊያ ቤቱ ልጅ ነው። ልጁ ወንድ ስለሆነ እሱ ያለውን ደገምኩ። «ሜን ጃታ ሁን»፣ እሄዳለሁ። የኛ «እሄዳለሁ» ወንድ ይበለው ሴት ትበለው አይለይም። የሂንዲው ይለያል። ሴት «ጃቲ ሁን» ነው የምትለው። ያረሙኝ ቻቻ ናቸው። ሊፍቱን እየጠበቅን «ጃቲ፣ ቤቲ፣ ጃቲ» አሉኝ። ቤቲ ልጄ ማለት ነው፣ ለሴት ልጅ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቲ ነበርኩ። ጠዋት በሩን ከፈት አድርገው «ቤቲ፣ ቻይ ፒዮጊ?» ይሉኛል። ልጄ፣ ሻይ ትጠጫለሽ?

አሁን ስለ አንተና ስለ እርስዎ ልንገራችሁ። ሂንዲ ሦስት አለው። «ቱ»፣ «ቱም»፣ «አፕ»። አፕ እርስዎ ነው። ቱም መሀል ላይ ያለ ነው፣ ለጓደኛ፣ ለታናሽ። ቱ ደግሞ ከሁሉም የቀረበ። ስልኬ ላይ ያለው ትምህርት «ቱ ለአምላክ፣ ለእናት፣ ለትንሽ ልጅ ነው» ይላል። እኔ እዚህ ጋ ነው የቀለጥኩት። ምክንያቱም እኛ እግዚአብሔርን አንተ ነው የምንለው። እኔ አባባን አንተ ነው የምለው። እርስዎ ብዬው አላውቅም፣ ብለው ይደነግጣል፣ ምን አስቀየምኩሽ ይለኛል። አንተ ቤታችን ውስጥ የፍቅር ቃል ነው። እና ቱን ሳገኝ፣ በቃ፣ የኛን አንተ አገኘሁት አልኩ።

ማክሰኞ ከሰዓት ነው። አባባ ተኝቷል። እኔ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ የአክስቴን ዳቦ ቆሎ ከፌስታሉ እየበላሁ ነው። ቻቻ ባዶውን ወንበር እየገፉ መጡ። ግድግዳው ጋ አቆሙትና ትንፋሽ ወሰዱ። ሌላ ወጣት ሠራተኛ አጠገባችን አንሶላ እያጠፈ ነው። ፌስታሉን ዘረጋሁላቸው። ዘገን አደረጉ። አንዷን ወደ አፋቸው አደረጉ፣ ወደዷት መሰለኝ፣ ፊታቸው ፈካ አለ። እጃቸውን መለሱ። እኔ ደግሞ ይበሉ፣ ይጨምሩ ለማለት ነው። «ቱ ቢ ካ» አልኳቸው።

አንተም ብላ።

«አፕ ቢ ካይዬ» ነበር ማለት የነበረብኝ። እርስዎም ይብሉ። ሲጠፋ ሲጠፋ «ካኦ»።

ወጣቱ አንሶላውን ማጠፍ አቆመ። ቀና ብሎ እኔን አየኝ፣ ከዚያ እሳቸውን። ቻቻ ማኘክ አቆሙ። ዳቦ ቆሎዋን መዳፋቸው ላይ እንደያዙ ቀሩ። ከዚያ የደንብ ልብሳቸውን የደረት ኪስ በሌላ እጃቸው ከፈቱ። ዳቦ ቆሎዋን ቀስ እያሉ ከተቱ። አንዷ ወደቀች፣ ጎንበስ ብለው አነሷት። ኪሱን ቆለፉት። ትንሽ ነጭ ቁልፍ ናት፣ እስካሁን ትታየኛለች። «ጂ፣ ማዳም» አሉ። ወንበሩን ገፍተው ሄዱ።

ማዳም።

ማታ የማረፊያ ቤቱን ልጅ ጠየቅኩት። ዝም አለና «ቱ እኛ ጋ ሀብታሞች ሠራተኛን የሚጠሩበት ነው» አለኝ። ሪክሾ ነጂውን፣ ጠራጊውን። ዕድሜው የአያታቸው ያህል ቢሆንም። ጠብ ውስጥም ቱ ይባላል። ለእናትም ይባላል፣ ስልኩ አልዋሸም። ቃሉ ያው ነው። ማን ለማን እንዳለው ነው የሚለየው። እና እኔ ማን ነበርኩ? ከውጭ አገር መጥታ የታመመ አባቷን የምታሳክም። አግዳሚው ላይ የተቀመጠች። እሳቸው ቆመው ነበር። ወንበር የሚገፉት እሳቸው ናቸው። ከእሳቸው ቦታ ሆኜ ስሰማው… አዎ።

አሁን ሳወራላችሁ እሳቸው እያልኩ ነው፣ ልብ ብላችኋል? አባባን እሱ፣ ቻቻን እሳቸው። አማርኛ ላይ አፌ ራሱ ያውቃል።

ያውቃል ግን? የእኛን የድሮ ሰፈር ዘበኛ አንተ ነበር የምለው። ሰባት ዓመቴ ነበር፣ እሳቸው ሸምግለዋል። ቤቱ ውስጥ ያለነው ሁሉ አንተ ነበር የምንላቸው። በሩን ክፈት። ያ አንተ የአባባ አንተ ነበር? እኔ… ይሄን ዛሬ አልጨርሰውም። ሌላ ቀን።

ልጁን ይቅርታ እንዴት እንደምል ጠየቅኩት። «ሙጄ ማፍ ካር ዲጂዬ» አለኝ፣ ይቅር ይበሉኝ። እሱስ ቀላል ነው። የኔ ፍላጎት ግን ማስረዳት ነበር። ያልኩት በክፋት አልነበረም ለማለት ያለፈ ጊዜ ያስፈልጋል። እኔ ደግሞ ገና አሁንና ወደፊት ላይ ነበርኩ። የሂንዲ ያለፈ ጊዜ ከባድ ነው። እጠጣለሁ ስል ሴትነቴ ግሡ ላይ አለ፣ «ፒቲ ሁን»። ጠጣሁ ስል ግን እኔ በምትለው «ሜን» ላይ «ኔ» ትጨመርና ግሡ እኔን ይተወኛል፣ የተጠጣውን ይከተላል። «ሜኔ ቻይ ፒ»፣ ሻይ ሴት ናትና። «ሜኔ ፓኒ ፒያ»፣ ውሃ ወንድ ነውና። አድራጊዋ እኔ ብሆንም ግሡ እኔን አያይም፣ የሆነውን ነገር ነው የሚያየው። ያን ሌሊት ይሄን ቁጭ ብዬ ሳነብ አለቀስኩ። በሰዋስው ይለቀሳል? እኔ አለቀስኩ።

ረቡዕ ጠዋት ቻቻ መጡ። ለመጨረሻው ምርመራ አባባን ሊወስዱ። «ቻይ ፒዮጊ» የለም። ለአባባ ሰላምታ ሰጡ፣ ለእኔ አንገታቸውን ዝቅ አደረጉ። ሊፍቱ ውስጥ ሦስታችን ብቻ ነን። አባባ ዓይኑን ጨፍኗል። እኔ በልቤ «ማፍ ካር ዲጂዬ፣ ማፍ ካር ዲጂዬ» እያልኩ ነው። አፌ እንቢ አለ። ቻቻ ዞር ብለው አዩኝና «ካል?» አሉኝ።

ይሄው ነው። ካል። ግሥ የለውም። ከአባባ ወንበር በላይ እያዩኝ፣ ቀስ ብለው፣ መጨረሻው ትንሽ ከፍ ብሎ።

ሐሙስ ነበር የምንበረው። ነርሶቹ ሁሉ ያውቃሉ። እኔም ነገ ትሄዳላችሁ? ያሉኝ መስሎኝ «ሃን ጂ፣ ካል። አዲስ አበባ» አልኩ፣ አዎ፣ ነገ። ጭንቅላታቸውን እንደዚያ ወደ ጎን ወዘወዝ አደረጉ። «አቻ» አሉ፣ እሺ እንደማለት። ሊፍቱ ተከፈተ።

ግን ትናንት ብለውኝ ቢሆንስ? የትናንቱ ነገር ምን ነበር ብለውኝ ቢሆንስ? ሰውየው በሩን ከፍተውልኝ፣ ይኸው ተናገሪ ብለውኝ፣ እኔ ስለ አውሮፕላን ነገርኳቸው? ለልጁ ደውዬ አወራሁት። «ነገ ማለታቸው ነው፣ አትጨነቂ» አለኝ። እውነቱን ሊሆን ይችላል። የሚሄድ ሰው ነው የሚጠየቀው፣ ነገ ነው ወይ ተብሎ። ዘጠና በመቶ ነገ ነው። ግን ድምፃቸው… ልጁ ድምፃቸውን አልሰማም። እኔ ነኝ የሰማሁት።

አሁን ያለፈ ጊዜ ተምሬያለሁ። «ሜራ መትላብ ዎ ናሂን ታ»። ሐሳቤ ያ አልነበረም ማለት ነው። ልጁ ሆስፒታሉ ጋ ስለሚመላለስ በድምፅ ቀድተሽ ላኪልኝ፣ አሰማቸዋለሁ ብሎኛል። ሦስት ሳምንት ሆነ። ስቀዳ አንድ ቦታ ላይ እቆማለሁ። «ቻቻጂ» እላለሁ፣ ከዚያ «አፕ»። አፕ ትክክለኛው ነው፣ ለሽማግሌ ሌላ አይባልም። ግን እሳቸው ማዳም ያሉኝ ቀን ያኖሩት ርቀትም ያው አፕ ውስጥ ነው ያለው። አፕ ስል ርቀቱን ተቀበልኩ ማለት ይሆን? ወይስ ገና አሁን በደንብ ጠራኋቸው? ብዙ ጊዜ ሞከርኩት። እስቲ አሁን እናንተ እየሰማችሁ… «ቻቻጂ፣ ናማስቴ። ሜን ቦል ራሂ ሁን…» እኔ ነኝ የምናገረው። ራሂ፣ በሴት። እሷን እሳቸው ናቸው ያስተማሩኝ። «አፕ…»

ቆዩ፣ አባባ እየጠራኝ ነው። አቤት! መጣሁ፣ መጣሁ—