ሲሞቅ የሚጠፋ ሞተር

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለም፤ ብቻዬን ነኝ። ሰሞኑን ከልቤ አልወጣ ያለ ጉዳይ ስላለ እሱን ላውራችሁ። ነገሩ ሞተር ሳይክል ነው። መንገድ መሀል ድንገት ስለሚጠፋ ሞተር ሳይክል።

መሀል አዲስ አበባ የምትነዱ ታውቁታላችሁ። ከለገሃር ተነስታችሁ ቸርችልን ሽቅብ ወደ ማዘጋጃ ትወጣላችሁ። ፀሐዩ ከርሯል፣ መኪናው ተጨናንቋል፣ በአንደኛ ማርሽ እየተሳባችሁ ነው። ቴዎድሮስ አደባባይ ልትደርሱ ስትሉ ሞተሩ ቀጥ ይላል። አይንተፋተፍ፣ አይንገጫገጭ፣ ዝም ነው። ከኋላ ያለው ሚኒባስ ጡሩንባውን ይለቀዋል። ልታስነሱት ብትሞክሩ እምቢ። ገፍታችሁ ዳር ታስይዙታላችሁ። ጥላ ስር ትንሽ ካረፈ በኋላ ግን ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ይነሳል።

የኔም እንዲህ ያደርገኝ ጀመር። ዳር በቆምኩ ቁጥር ምክር አላጣሁም። "ቤንዚኑ ውሃ ገብቶበታል።" "ካንዴላ ቀይር።" "ባትሪህ ደክሟል።" ሁሉም ከቅንነት ነው፤ ግን ሁሉም ግምት ነው። ግምት ደግሞ ውድ ነው። ሞተር ሳይክል ለስንቱ ወጣት እንጀራው መሰላችሁ! ዕቃ የሚያደርስ ልጅ ዛሬ ሶማሌ ተራ ሄዶ ቦቢና ይገዛል፣ ነገ የቤንዚን ፓምፕ፣ ከነገ ወዲያ ባትሪ። ችግሩ ግን እዚያው አለ። ይሄ ከልብ ያሳዝነኛል።

ተክለሃይማኖት አካባቢ አንድ የኤሌክትሪክ ባለሙያ አሉ፤ በዕድሜ ገፋ ያሉ ናቸው፣ ጋሼ ነው የምላቸው። መፍቻ ከማንሳታቸው በፊት ጥያቄ ጀመሩ።

"ሲሞቅ ነው የሚጠፋው ወይስ ገና ሳይሞቅ?"

"ሲሞቅ ነው ጋሼ።"

"ሊጠፋ ሲል ይንተፋተፋል?"

"ኧረ ቀጥ ነው የሚለው።"

"እሺ፣ ፍሪሲዮን ሳትይዝ ጎማው ገና እየሄደ፣ የዙር መቁጠሪያው መርፌ ምን ይሆናል?"

"ወዲያው ዜሮ ላይ ይወድቃል።"

ይህቺ የመጨረሻዋ ጥያቄ ብዙ ነገር ትፈታለች። ቤንዚን ሲያጥር ሞተሩ መጀመሪያ ይንተፋተፋል። ማርሽ ውስጥ ስለሆነም ጎማው ሞተሩን እያሽከረከረው መርፌው ቀስ እያለ ነው የሚወርደው። ሞተሩ እየዞረ መርፌው በአንዴ ከወደቀ ግን ዙሩን የሚቆጥረው አካል ዝም ብሏል ማለት ነው። ዳሽቦርዱ በሙሉ ድርግም ካለ ነገሩ ሌላ ነው፤ ያኔ ቁልፉን፣ ፊውዙን፣ የባትሪውን ገመድ እዩ። ዳሽቦርዱ እየበራ መርፌው ብቻ ከወደቀ ዓይናችሁን ክራንክ ሴንሰር ላይ ጣሉ።

ክራንክ ሴንሰር በብዙ ሞተር ሳይክሎች ላይ ማግኔትና የተጠመጠመ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ነው። ከክራንኩ፣ ማለትም ከሞተሩ ዋና ዘንግ ጋር የሚዞረው ክብ ብረት ላይ ያሉት ጥርሶች በፊቱ ባለፉ ቁጥር ትንሽ የኤሌክትሪክ ምት ይልካል። የሞተር ሳይክሉ ኮምፒውተር ካንዴላው መቼ እሳት እንዲሰጥ፣ ኢንጀክተሩም መቼ ቤንዚን እንዲረጭ የሚወስነው በዚያ ምት ነው። ምቱ ሲቋረጥ "ሞተሩ ቆሟል" ብሎ እሳቱንም ቤንዚኑንም ይዘጋል። የማስጠንቀቂያ መብራቱም ብዙ ጊዜ የማይበራው ለዚህ ነው፤ ለኮምፒውተሩ የቆመ ሞተር ብልሽት አይደለም።

ጋሼ መጀመሪያ ሶኬቱን ነቅለው አዩት። ላቫጆ ላይ በግፊት የሚረጨው ውሃ እዚያ ይገባና ፒኑን አረንጓዴ ያስይዘዋል። ጂፒኤስ ወይም አላርም ሲገጠም የተቆረጠ ገመድ ካለም አንድ በአንድ ነካ ነካ አድርገው ይፈትሹታል። የኔ ንጹህ ነበር። ከዚያ ቴስተሩን ኦም ላይ፣ ማለትም የሽቦውን የኤሌክትሪክ መቋቋም በሚለካው ላይ አደረጉና ሴንሰሩን ለኩት። በቀዝቃዛው ቁጥሩ ልክ ነው። የቸኮለ ሰው ቢሆን "ሴንሰሩ ደህና ነው" ብሎ ይሸኘኝ ነበር።

እሳቸው ግን ሴንሰሩ ያለበትን የሞተር ክዳን ፈቱና የፀጉር ማድረቂያ አመጡ። ሴንሰሩ ላይ ሙቅ አየር እየለቀቁ፣ ዓይናቸውን ከቴስተሩ ሳይነቅሉ ቆሙ። ቁጥሩ ቀስ እያለ ጨመረ። ይሄ ጤነኛ ነው፤ የመዳብ መቋቋም በየ10 ዲግሪው ወደ 4 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ከዚያ ድንገት ቁጥሩ ጠፋና ቴስተሩ መስመሩ መቋረጡን አሳየ። ማድረቂያውን አጠፉት። ሲቀዘቅዝ ቁጥሩ ተመለሰ። ውስጥ የተበጠሰች ሽቦ ነበረች፤ ሙቀት ሲለጥጣት ትላቀቃለች፣ ስትቀዘቅዝ መልሳ ትገናኛለች። ያን ቁጥር ሲጠፋ ሳይ የተሰማኝን ደስታ እንዴት ልንገራችሁ!

አንድ ነገር ልብ በሉ፤ በኦም የሚለካው ባለ ሁለት ገመዱ ነው። ባለ ሦስት ገመድ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ዓይነቱ ሌላ ስለሆነ በቮልት ነው የሚታየው።

ጠፋ ሁሉ ክራንክ ሴንሰር ነው እያልኩ ግን አይደለም። ትራፊክ መብራት ላይ ጋዝ ስትለቁ፣ ሚኒሞ ላይ የሚጠፋ ከሆነ የጋዙን ሴንሰር ፈትሹ። አብዛኛውን ጊዜ 5 ቮልት ይገባለታል፤ ጋዙ ሲዘጋ ግማሽ ቮልት አካባቢ ያሳያል። ጋዙን ቀስ አድርጋችሁ ስትከፍቱ ሳይዘል መውጣት አለበት። የአየር ግፊት ሴንሰሩንም አትርሱ። አዲስ አበባ ከባህር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት 76 ኪሎ ፓስካል ገደማ ነው። ቁልፍ ተከፍቶ ሞተሩ ሳይነሳ ስካነሩ፣ ማለትም የኮምፒውተሩን ንባብ የሚያሳየው መሣሪያ፣ 101 ኪሎ ፓስካል ካሳየ ያ ሴንሰር ባህር ዳርቻ ያለ መስሎታል፤ ቤንዚን ያበዛል።

አዲሱንም ሴንሰር ጋሼ ሳይገጥሙ በፊት በማድረቂያው አሙቀው ለኩት። ይሄን በጣም ወደድኩላቸው። የክዳኑንም ጋስኬት ቀየሩ፤ አሮጌው ከተመለሰ ዘይት ያንጠባጥባል።

እና መካኒክ ጋ ስትሄዱ "ይጠፋል" ብቻ አትበሉ። ሲሞቅ ነው ሳይሞቅ፣ መርፌው ወደቀ አልወደቀ፣ መብራት በራ አልበራ፣ ከስንት ደቂቃ በኋላ ተነሳ፤ ይህን ስልካችሁ ላይ ጽፋችሁ ሂዱ። መካኒክ ሆናችሁ የምትሰሙኝም ካላችሁ፣ እባካችሁ ልጆቹን ሶማሌ ተራ ከመላካችሁ በፊት አንዴ አሙቃችሁ ለኩላቸው።