ሥራው አለቀ ልጄ?

እሺ… እየቀዳ ነው? ቀዩ መብራት በርቷል። እሺ።

ድምፄ ከተዘጋባችሁ ጉንፋን ነው። ደሴን ታውቋታላችሁ። ጠዋት ጦሳ ጉሙን ለብሶ፣ እኔ ሁለት ሹራብ ደርቤ ሚኒባስ እሳፈራለሁ። 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል ወርጄ ኮምቦልቻ ስደርስ ሁለቱም ሹራብ ክንዴ ላይ ነው። ማታ ወደ ላይ ስመለስ መልበሱን እረሳለሁ። በቃ፣ ጉንፋን።

ስለ ጉንፋን ላወራ አልነበረም የተቀመጥኩት። እየሸሸሁ ነው።

የዛሬ ሁለት ሳምንት እሑድ፣ ከቅዳሴ ስንወጣ፣ አባ በር ላይ አገኙኝ። ነጠላዬን እያጣፋሁ ነበር። «ልጄ፣ ከሰኞ ገበያ በላይ አንዲት እናት አሉ፤ ከአልጋ አይነሱም። ቅዳሜ አብረሽኝ ትሄጃለሽ?» አሉኝ። ይኸው ነው ጥያቄው። ሚስት ሁኝልኝ አላሉኝ፣ ገዳም ግቢ አላሉኝ።

«አባ፣ ቅዳሜ ሥራ አለኝ» አልኳቸው።

የለኝም። ቅዳሜ ሥራ ገብቼ አላውቅም። አፌ ቀድሞኝ ነው። እሳቸውም «እሺ፣ እግዚአብሔር ያበርታሽ» ብለው ወደ ሌላው ሰው ዞሩ። እዚህ ላይ ቢያልቅ ኖሮ ዛሬ ስለ ሌላ ነገር ነበር የማወራችሁ።

ቅዳሜ ፒያሳ ነኝ። ያቺ የምታውቋት ጓደኛዬ፣ የሸዋበሯ፣ አብራኝ አለች። ዝናቡ ያወርደዋል። በረንዳው ጥግ ተቀምጠን ኬክ አዘናል፤ አንዱን ለሁለት፣ ምክንያቱም ወሩ አላለቀም። ሹካው አፌ ውስጥ እያለ አባ በመንገዱ ሲመጡ አየሁ። ጃንጥላቸው አንድ ሽቦው ወጥቶ እንደ ጣት ይጠቁማል፤ በዚያ በኩል ውሃው ቀጥ ብሎ ትከሻቸው ላይ ይወርዳል። በሌላ እጃቸው ጥቁር ፌስታል። ፌስታሉ ተቀዷል፤ በቀዳዳው አንድ ብርቱካን ብቅ ብሎ ሊወድቅ ነው፤ በአውራ ጣታቸው ደግፈው ይዘውታል። ከዳገቱ ጋር ሲታገሉ ጉልበታቸው እንደሚያማቸው ያስታውቃል።

ልደበቅ አሰብኩ። እውነቴን ነው፤ የምግብ ዝርዝሩን አንስቼ ፊቴን ልሸፍን እጄን ሰድጄ ነበር። ግን አዩኝ።

ቆሙ። ፈገግ አሉ። «ሥራው አለቀ ልጄ?»

እኔም… «አዎ አባ፣ አሁን ነው ያለቀው።»

ክሬሙ ከንፈሬ ላይ እያለ! ሁለተኛ ውሸት። የመጀመሪያውስ አፌ ቀደመኝ እላለሁ። ይሄኛውን ግን አስቤበት ነው። ለአንድ ሰከንድ ያህል አስቤ፣ መርጬ ነው ያልኩት።

«እሰይ፣ በርቺ» ብለው ሄዱ።

ይኸው ከዚያ ቀን ወዲህ ጭንቅላቴ ውስጥ «ሥራው አለቀ ልጄ» ይመላለሳል። ሲሉት ዓይናቸው ምን ይል ነበር? አሽሙር ነው? አባ አሽሙር አያውቁም። ግን ወሎዬ ናቸው እኮ፤ ወሎዬ ደግሞ አሽሙሩን በምርቃት ጠቅልሎ ነው የሚሰጥህ። ወይስ የእውነት ቅዳሜ ሠርታ ደከማት ብለው አዝነውልኝ ነው? ይሄኛው ነው የሚብሰው። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሲስተር ነኝ ደግሞ እኔ! አሥረኛ ክፍል ሆኜ የካቶሊክ መነኩሲት እሆናለሁ ብዬ ከተናገርኩ ጀምሮ ሰፈሩ ሁሉ «ሲስተር» ነው የሚለኝ፤ ታሪኩን ለመቶኛ ጊዜ አልደግመውም። ስሙ ተከትሎኝ ሥራ ቦታ ድረስ ወርዷል። ሰሞኑን አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ሰነድ ሊያስፈርም መጥቶ እጅጌውን ሰበሰበና «ሲስተር፣ እስቲ ግፊቴን ለኪኝ» አለኝ። የሒሳብ ክፍል ውስጥ! ካልኩሌተር ክንዱ ላይ አስሬ ልለካለት ነበር።

የእግዚአብሔር ጥሪ የሚባለውን ነገር ለረጅም ጊዜ እንደዚያ ነበር የማየው። ቆብ የለበሰች ሁሉ ተጠርታለች፣ ያልለበሰች ተርፋለች። የተረፍኩ መስሎኝ ነበር። ግን የካቶሊክ ጳጳሳት የተሰበሰቡበት ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1964 ባወጣው ሰነድ ምእመን ሁሉ ለቅድስና ተጠርቷል ብሏል። ሁሉም። ካህኑም፣ ያገባውም፣ የሒሳብ ሠራተኛዋም። ማምለጫ የለም ማለት ነው። ድሮ ትምህርተ ክርስቶስ ስንማር ደስ የሚል ዜና ይመስለኝ ነበር።

ብፁዕ አባ ገብረሚካኤልን አስቡ። የጎጃም መነኩሴ፣ አንድ ዓይናቸው የማያይ። ከገዳም ገዳም፣ ከመጽሐፍ መጽሐፍ ሲፈልጉ ኖረው፣ አቡነ ያዕቆብ ከምንላቸው ከጣሊያናዊው ሚሲዮናዊ ከቅዱስ ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስ ጋር ተገናኙ። እ.ኤ.አ. በ1844 ካቶሊክ ሲሆኑ ዕድሜያቸው 50 አልፏል። ሰው ጡረታውን በሚያስብበት ዕድሜ። በ1855 በእምነታቸው ምክንያት በሰንሰለት እንደታሰሩ ሞቱ። እሳቸው ሰንሰለት፣ እኔ ኬክ። ያውም ግማሽ ኬክ።

እና ሉቃስ ምዕራፍ 9ን ደጋግሜ እያነበብኩ ነው። ጌታ «ተከተለኝ» የሚለው ሰውዬ አለ አይደል፣ አስቀድሜ ሄጄ አባቴን ልቅበር የሚለው። ይሄን ክፍል ልጅ ሆኜ እጠላው ነበር። ወሎ ተወልደህ እንዴት አትጠላውም? እኛ ዘንድ እኮ ቅሬ አለ። አዲስ አበቤዎች፣ ዕድር የምትሉት ነው። አባዬ ሲሞት መቃብሩን የቆፈሩት የሰፈሩ ሙስሊሞች ናቸው። ንፍሮውን የቀቀሉት እነሱ ናቸው። አባቱን ሳይቀብር የሚሄድ ሰው እዚህ ፊቱን የሚያየው የለም።

ግን አሁን የያዘኝ ቀብሩ ሳይሆን «አስቀድሜ» የምትለዋ ቃል ናት። የሰውዬውስ አስቀድሜ ክብደት አላት፤ አባት ነው። የኔ አስቀድሜ ምንድነው? አስቀድሜ ደሞዝ ይግባ። አስቀድሜ ልብስ ልጠብ። አስቀድሜ ይሄን አንድ ቪዲዮ ልጨርስ።

ደግሞ የሚገርመኝ፣ የቅሬ ለፋፊ ሲጠራ አስቀድሜ አልልም። ሥራ አስፈቅጄ ከኮምቦልቻ እመጣለሁ። ለምን? እ… ቅጣት አለዋ። ስም ይጠራል፣ የቀረ ይቀጣል። አባ ግን አይቀጡም። «እግዚአብሔር ያበርታሽ» ነው የሚሉሽ። ቅጣት የሌለው ጥሪ ስለሆነ ነው እንዴ የቀለለኝ? አላውቅም። እንደዚያ ከሆነ በጣም አሳፋሪ ነው፣ እንለፈው።

ለጓደኛዬ ነገርኳት። አባ እንደሄዱ እዚያው። ጥሪ ምን እንደሆነ፣ እኔ ምን ያህል እንደምፈራ፣ አንድ ሩብ ሰዓት ያህል አብራራሁላት። እሷ የኔን ድርሻ ኬክ እየበላች አዳመጠችኝ። ከዚያ «ወላሂ አልገባኝም። ሴትዮዋ ታመዋል አይደል? ታማሚ መጠየቅ እኛ ዘንድ ሱና ነው። ብርቱካን ገዝተሽ አትሄጂም? ምኑ ነው ይሄ ሁሉ ጥሪ?» አለችኝ።

ተናደድኩባት። አልገባሽም አልኳት። ሒሳቡን እኔ ከፈልኩ፣ እንዲያውም።

ማክሰኞ ብርቱካን ገዛሁ። አንድ ኪሎ። አሁን ጠረጴዛው ላይ ነው፣ ከማይክራፎኑ አጠገብ። አንዱ በጎኑ ለስለስ ማለት ጀምሯል። የሴትዮዋን ቤት አላውቀውም፤ ለማወቅ አባን መጠየቅ አለብኝ። አባን ለመጠየቅ ደግሞ… ቅዳሜ ሥራ እንደሌለኝ መናገር ሊኖርብኝ ነው። ወይም ዘንድሮ የቅዳሜ ሥራ ቀረ ብል… ኧረ! ሦስተኛ ልጨምር ነው እንዴ?

ነገ ቅዳሜ ነው። ዝናብ ካልጣለ…

ቆይ ግን። «ሥራው አለቀ» ነው ያሉኝ ወይስ «ሥራው አላለቀም» ነው? ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ነበር። እኔ ደግሞ ሹካው አፌ ውስጥ ስለነበር…