የቤቴ ቁመት

ሰላም፣ እንደምን ከረማችሁ። ዛሬ የምቀዳው አርቪው ውስጥ፣ ማለትም እንደ ቤት የሚኖርበት መኪናችን ውስጥ ቁጭ ብዬ ነው። ከኋላ የሚያጉረመርመው ፍሪጁ ነው። እንዳላጠፋው ባለቤቴ ያስቀመጠችው ሥጋ አለ። ታገሱኝ እንግዲህ።

አርቪ መግዛቴን ከነገርኳችሁ ወዲህ ብዙዎቻችሁ የምትጠይቁኝ አንድ ነገር ነው። ጂፒኤስ የቱ ይሻላል? ስልክ አይበቃም ወይ? እኔም ይበቃል ባይ ነበርኩ። እስከ ባልቲሞር ድረስ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነስተን ወደ ሜይን ነበር ጉዟችን። ባለቤቴ፣ ሁለቱ ልጆች፣ አማቴና እኔ። መኪናው 32 ጫማ ይረዝማል። እኔ ደግሞ ከቤት መኪና ሌላ ነድቼ አላውቅም። ስልኩ በ95 አውራ ጎዳና ቀጥ በል አለኝ፤ ቀጥ አልኩ። ከዚያ አደገኛ ጭነት የያዘ ወደ ዋሻው እንዳይገባ የሚያስጠነቅቅ ሰሌዳ መጣ። የኔ ጭነት ምኑ ነው አደገኛ? አማቴ ናት? እየሳቅኩ ላልፈው ስል ባለቤቴ «ጋዙስ?» አለች።

እውነቷን ነው። በባልቲሞር ወደብ ሥር የሚያልፉት ሁለቱም ዋሻዎች፣ ፎርት ማክሄንሪም ሀርበርም፣ በአንድ ሲሊንደር ከ10 ፓውንድ በላይ ፕሮፔን የሚባለውን ጋዝ የያዘ መኪና አያስገቡም። የኔ ታንክ 20 ጋሎን ነው። አንዱ ጋሎን ከ4 ፓውንድ ትንሽ ይበልጣል። ሩቡ ብቻ ቢቀረኝ እንኳ ከተፈቀደው እጥፍ ይዣለሁ ማለት ነው። ድሮ እንደኔ ያለው በፍራንሲስ ስኮት ኪ ድልድይ ይሻገር ነበር። እሱን ደግሞ በማርች 2024 መርከብ ገጭቶ ጣለው። አሁን የሚቀረው በ695 ቀለበት መንገድ በምዕራብ በኩል፣ በታውሰን ዞሮ መሄድ ነው። ስልኩ ይህን አልነገረኝም። እንዴት ይንገረኝ? ጋዝ መያዜን መች ጠየቀኝ?

ላብ በላብ ሆኜ ከአውራ ጎዳናው ወጣሁና አንድ ሰፊ ቦታ ላይ አቆምኩ። አማቴ ከኋላ «ልጄ፣ ለምን ወርደህ ሰው አትጠይቅም?» አለችኝ። ትራክ የሚነዳ ጓደኛዬ ጋ ደወልኩ። ገና ሰላም ሳይለኝ «ቁመት ስንት ነው?» አለኝ። «አንድ ሜትር ከ78» አልኩት። «ያንተን ማን ጠየቀህ፣ የመኪናውን!»

አላውቀውም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሳተላይቱ የት እንዳላችሁ ብቻ ነው የሚያሳውቃችሁ። ስለ ቁመታችሁ ግድ የለውም። ልዩነቱ ካርታው ላይ ነው። ጋርሚንም ራንድ ማክናሊም የሚባሉት ኩባንያዎች ለአርቪ ብለው የሚሠሯቸው ጂፒኤሶች ገና ሲከፈቱ ይጠይቃሉ። ቁመት፣ ርዝመት፣ ስፋት፣ ክብደት፣ ፕሮፔን አለ ወይ። በዚያ መሠረት ነው ዝቅ ያለውን ድልድይ የሚያስዞሯችሁ። በዓመቱ ስንሄድ የአርቪው ጂፒኤስ ኮኔቲከት ላይ ሜሪት ፓርክዌይ የሚባለውን መንገድ ትቶ በሌላ ወሰደኝ። ሜሪት ከ8 ጫማ በላይ የሆነ መኪና አያሳልፍም። ስልክ ቢሆን «አጭሩ መንገድ» ብሎ ሊነዳኝ ይችል ነበር።

ጓደኛዬ የድሮ የትራክ ጂፒኤሱን በነፃ ልስጥህ ብሎኝ ነበር። ነፃ ነገር ማን ይጠላል? ግን የትራክ የሆነው ለንግድ መኪና የተከለከለውን መንገድ ሁሉ ይሸሻል፤ አርቪ የሚፈቀድበትንም ጭምር። ስለዚህ ብዙ መቶ ዶላር ከፍዬ የአርቪውን ገዛሁ። ባለ 8 ኢንች ነው። የኔ አርቪ መስታወቱ ከመቀመጫው ስለሚርቅ ባለ 7ቱን ከሾፌር ወንበር ማንበብ አቃተኝ።

እና የመጨረሻው፣ ለኔ ትልቁ ነገር። ከአርቪው ጋር በመጣው ወረቀት ላይ ቁመቱ 12 ጫማ ከ2 ኢንች ይላል። ያንኑ ጂፒኤሱ ላይ አስገብቼ ልነሳ ስል ያ ጓደኛዬ «ራስህ ለካው» ብሎ ነዘነዘኝ። መሰላል፣ ሜትርና የመጥረጊያ እንጨት ይዤ ወጣሁ። 12 ጫማ ከ9! ለካ የቀድሞው ባለቤት ጣሪያው ላይ ሌላ ኤሲ ጨምሯል።

7 ኢንች ምን አላት አትበሉ። ኖርዝ ካሮላይና ውስጥ ዱርሃም ላይ አንድ የባቡር ድልድይ አለ። ድሮ 11 ጫማ ከ8 ነበር። የመኪና ጣሪያ እንደ ሰርዲን ቆርቆሮ ስለሚልጥ «ቆርቆሮ መክፈቻው» ይሉታል። ከ2008 ጀምሮ ካሜራ እየቀረጸው ነው። በ2019 ወደ 12 ጫማ ከ4 ከፍ አደረጉት፤ ዛሬም የሚገጨው አልጠፋም። እስቲ አስቡት። በወረቀቱ ቁጥር ቢሆን ውዱ ጂፒኤሴ «እለፍ» ይለኝ ነበር።

አሁን ቁጥሩ ከመሪው በላይ በነጭ ፕላስተር ተለጥፏል። ትንሿ ልጄ ከጎኑ የራሷን ጽፋለች፦ 3 ጫማ ከ11።

ኧረ፣ ፍሪጁ ዝም አለ። ሥጋው! ልሂድ በቃ። ቸር ሰንብቱ።