«ኔትወርክ ያለው ኮረብታው ላይ ብቻ ነው»፦ ከጅማ ዙሪያ ለደወሉ አድማጮች የተሰጠ መልስ

ባለፈው ሳምንት ስለ ገጠር ጤናና ስለ ኔትወርክ ስንነጋገር ስልኩ ፋታ አልሰጠንም። አየር ላይ በሩጫ ያለፍኳቸውንና ጭራሽ ያልደረስኩባቸውን ጥያቄዎች እዚህ በጽሑፍ እመልሳለሁ። የደዋዮችን ስም ትቼ ከየት እንደደወሉ ብቻ ጠቅሻለሁ።

ከጌራ የደወለች የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፦ «ታብሌት ተሰጥቶኛል። ኔትወርክ ያለው ግን ኮረብታው ላይ ብቻ ነው። ታዲያ ምን ይሠራልኛል?»

እህቴ፣ አይዞሽ። ታብሌቱ ላይ የተጫነው የማኅበረሰብ ጤና መረጃ ሥርዓት ያለ ኔትወርክም እንዲሠራ ተደርጎ የተዘጋጀ ነው። ቤት ለቤት ስትዞሪ ትመዘግቢያለሽ፣ መረጃው እዚያው ይቀመጣል፣ ኔትወርክ ያለበት ስትደርሺ ይላካል። ስለዚህ ለሪፖርት ብለሽ በየቀኑ ኮረብታ አትውጪ። ለስብሰባ ወይም መድኃኒት ለመውሰድ ጤና ጣቢያ ስትሄጂ ላኪው። አንድ ነገር ግን አደራ፦ ያልተላከ መረጃ እያለ ፕሮግራሙን ከታብሌቱ ላይ አታጥፊ። የወር ልፋትሽ አብሮ ይጠፋል።

ድንገተኛ ነገር ሲገጥምሽ ታብሌቱን ተይው፣ ደውይ። የስልክ ሞገድ ተራራ ጥሶ አያልፍም። ጥቅጥቅ ያለ እርጥብ ቅጠልም ያደክመዋል። ጌራ ደግሞ ተራራውም ጫካውም አላት። ከፍ ያለ ፍሪኩዌንሲ ቶሎ ይደክማል፣ ዝቅ ያለው ራቅ ብሎ ይደርሳል። ስልክሽ ደካማ የ4ጂ ወይም የ3ጂ ሞገድ እያሳደደ ጥሪው የሚቆራረጥበት ጊዜ አለ። ሴቲንግ ውስጥ ገብተሽ «2ጂ ብቻ» (የድሮው፣ ለድምፅ ጥሪ የሚበቃው ኔትወርክ) አድርጊውና ሞክሪው። ኮረብታው ድረስ ሳትሄጂ ከጤና ኬላው ደጃፍ ጥሪ ሊወጣልሽ ይችላል። የሚወጣበትን ቦታ ካገኘሽ ለባልደረባሽም ለጎረቤትም አሳዪ። ሌሊት ሲሆን ሰው ፍለጋ አያሻም።

ከሰጠማ የደወሉ አባት፦ «ባለፈው ክረምት ልጄን ምጥ ያዛት። አምቡላንስ ለመጥራት ስልኩ እምቢ አለን። በቃሬዛ ተሸክመን አወጣናት። ተመስገን፣ እሷም ሕፃኑም ተርፈዋል። ኢንተርኔት ቢገባልን ይህ ችግር ይቀራል ወይ?»

አባቴ፣ እንኳን ተረፉልዎ። ስልኩን ከዘጋን በኋላ ብዙ ያሰብኩት የእርስዎን ጥያቄ ነው።

የእናቶችን ሞት የሚያጠኑ ባለሙያዎች ሦስት መዘግየቶችን ይቆጥራሉ። አንደኛው እንሂድ ብሎ ለመወሰን መዘግየት ነው። ሁለተኛው መንገድ ላይ ነው። ሦስተኛው ደግሞ ጤና ተቋሙ ከደረሱ በኋላ ሕክምናው እስኪጀመር ነው። ስልክ በሦስቱም ላይ ይረዳል። አማት «እስኪነጋ እንጠብቅ» ሲሉ፣ ባለሙያዋ በስልክ «አይ፣ አሁኑኑ አምጧት» ትላለች። አምቡላንሱ የሚጠራው በስልክ ነው። ሦስተኛውን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ጤና ጣቢያው ወደ ሆስፒታል ሪፈር ሲጽፍ ቀድሞ ቢደውልና «ደም የሚፈሳት እናት እየመጣች ነው» ቢል፣ ደምም ሐኪምም ተዘጋጅቶ ይጠብቃታል። ወረቀቱን ብቻ ይዛ ከመጣች ግን ጉዳዩ ከበሩ ላይ እንደ አዲስ ይጀመራል።

ልብ ይበሉ፣ እስካሁን ለእርስዎ ካልኩት ውስጥ ኢንተርኔት የሚፈልግ የለም። ጥርት ያለ የድምፅ ጥሪ ይበቃል። እኔ ለገጠሩ በቅድሚያ የምጠይቀው ይህንኑ ነው፦ የማይቆራረጥ ጥሪና በዚያኛው ጫፍ ስልክ የሚያነሳ ሰው። የአምቡላንስ ቁጥር በአንድ ሾፌር የግል ሲም ላይ ከተንጠለጠለ፣ ሾፌሩ ሲቀየር ቁጥሩም አብሮ ይሄዳል። ቁጥሩ የወረዳው መሆን አለበት፣ ተረኛም ሊመደብለት ይገባል።

እስከዚያው ቤት ውስጥ የሚሠራ ሥራ አለ። ነፍሰ ጡሯ ወሯ ሲገባ የጤና ኤክስቴንሽኗን፣ የጤና ጣቢያውንና የአምቡላንሱን ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ። ስልኩ ባትሪ ሊጨርስ ይችላል፣ ወረቀት ግን አይጠፋም። ካርድ ይሞላ። ቤታችሁ ከመንገድ የራቀ ከሆነ ምጡ እስኪመጣ አትጠብቁ፣ ጤና ጣቢያው ያለው የእናቶች ማቆያ ቀደም ብላ ትግባ። ደም ከፈሰሳት፣ ከባድ ራስ ምታት ከእይታ ብዥታ ጋር ከመጣባት፣ ካንቀጠቀጣት ወይም የሽሉ እንቅስቃሴ ከቀነሰባት፣ ስልክ ኖረም አልኖረም ወዲያው ተነሱ።

ከአጋሮ የደወለ ወጣት፦ «ጅማ ያለ ስፔሻሊስት በቪዲዮ ቢያየን ምን አለበት?»

ይቻላል ወንድሜ። አገራችን ለዚህ አዲስ አይደለችም። በህንድ መንግሥት ድጋፍ በተዘረጋው የመላ አፍሪካ ኔትወርክ አማካይነት ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ከህንድ ሐኪሞች ጋር ተገናኝቶ ነበር። ሆኖም ለእኛ መንደር ከቪዲዮው ይልቅ «ላክና ጠብቅ» የሚባለው መንገድ ይሻላል። የልብ ምርመራ ወረቀት ፎቶው ትንሽ ነው፣ በደካማ ኔትወርክም ያልፋል። የደረት ራጅ በዲጂታል ብዙ ሜጋባይት ይይዛል፣ ቀስ ብሎ ግን ይደርሳል። መሃል ላይ ቢቋረጥ እንደገና ይላካል። ቪዲዮ ሲቋረጥ ግን ምክክሩም ይቋረጣል።

ዋናው ጥያቄ መላኩ አይደለም፣ ማን ይመልሳል የሚለው ነው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ውስጥ ያለ ስፔሻሊስት ቀኑን ሙሉ በታካሚ ተከብቦ ይውላል። ከገጠር የመጣውን ፎቶ በትርፍ ጊዜው እንዲያይ ከተተወ አያየውም፣ አልፈርድበትምም። ይህ ሥራ ሰዓት ተቆርጦለት፣ እንደ መደበኛ ሥራ ተቆጥሮለት መመደብ አለበት።

ከዴዶ፦ «ሳተላይት ቢገባስ?» የኔትወርክ ማማ ሊደርስበት ለማይችል ቦታ ጥሩ ነው። የድሮዎቹ ሳተላይቶች 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆኑ ድምፁ ዘግይቶ ይደርሳል። አዲሶቹ 550 ኪሎ ሜትር አካባቢ ናቸው፣ ፈጣን ናቸው። ግን ፈቃድ፣ መብራትና የየወሩ ክፍያ ይፈልጋሉ። ከመግዛት በፊት ሁለተኛውን ዓመት ማን ይከፍላል ብላችሁ ጠይቁ።

ከሊሙ ኮሳ የደወለ የጤና ጣቢያ መረጃ ሠራተኛ፦ «የክትባት ቀን ማስታወሻ በአጭር መልእክት እንልካለን። ወጪው ካሰብነው በላይ ሆነ። ለምን?»

ይህን ጥያቄ ወድጄዋለሁ፣ ብዙ ሰው አያስተውለውም። አንድ አጭር መልእክት በላቲን ፊደል 160 ምልክት ይይዛል። በፊደላችን ሲጻፍ 70 ብቻ ነው። ከዚያ ሲያልፍ እንደ ሁለት መልእክት ይቆጠራል። አፋን ኦሮሞ በቁቤ፣ ማለትም በላቲን ፊደል፣ ስለሚጻፍ 160ውን ያገኛል። አማርኛውን እጥር አድርጉት፦ «የልጅዎ ክትባት ማክሰኞ ነው። ካርዱን ይዘው ይምጡ።» ይኸው በቂ ነው። ማንበብ ለማይችሉ እናቶች ደግሞ በድምፅ ደውሉላቸው።

ከሰቃ ጨቆርሳ የደወለች ነርስ፦ «የታካሚ ቁስል ፎቶ አንስተን በቴሌግራም ሐኪም እናማክራለን። ችግር አለው?»

ለምን እንደምታደርጉት ይገባኛል፣ ሰው ለማዳን ነው። ግን ታካሚውን ሳታስፈቅዱ አታንሱ። ፊቱንና ስሙን አታካትቱ። ብዙ ሰው ያለበት ግሩፕ ላይ ሳይሆን ለሚመለከተው ሐኪም ብቻ ላኩ፣ መልስ ሲመጣም ከስልካችሁ አጥፉት። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት ውስጥ ቆጥሮታል። ትንሽ ቦታ ላይ ደግሞ ሰው በእግሩ ጠባሳ እንኳ ይታወቃል።

ከኦሞ ናዳ የደወሉ የቀበሌ ሽማግሌ፦ «ጤና ኬላችን መብራት የለውም። የክትባት ፍሪጁ ግን ሶላር አለው። ስልክ ቻርጅ ብናደርግበትስ?»

አባባ፣ ለስልክ ተብሎ የተለየ መሰኪያ ከሌለው እባክዎ እንዳይነካ ያድርጉ። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ አለበት። አንዳንዱ ፍሪጅ ባትሪ እንኳ የለውም፣ በቀን ፀሐይ በረዶ ሠርቶ ሌሊቱን በዚያ ያድራል። ኃይሉን ስልክ ከተሻማው ክትባቱ ይበላሻል፣ መበላሸቱም ሁልጊዜ በዓይን አይታይም። ለጤና ኬላው ስልክ ብቻ የሚሆን ትንሽ የሶላር መብራት ከቻርጅ ማድረጊያው ጋር ገበያ ላይ አለ። ቀበሌው አዋጥቶ ይግዛው፣ ቁልፉም ከጤና ኤክስቴንሽኗ እጅ አይውጣ።