መባህን ትተህ ሂድ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተከበራችሁ አባቶች ካህናት፣ የሁለቱም አጥቢያዎች የሰበካ ጉባኤ አባላት፣ እናቶቼና አባቶቼ፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች፤ እንደምን አመሻችሁ።

ስለ ሰላም እንድናገር ነው የተጋበዝሁት። ስለ ሰላም በጥቅሉ መናገር አያስቸግርም፤ ሰላምን እቃወማለሁ የሚል ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ስለዚህ ጥቅሉን ልተወውና በዚህ አዳራሽ ያለን ሁላችን ወደምናውቀው የቤተ ክርስቲያናችን መለያየት ልግባ።

አቡነ መርቆሬዎስ በ1980 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን አራተኛው ፓትርያርክ ሆነው ተሾሙ። ከ1983ቱ የመንግሥት ለውጥ በኋላ ከመንበሩ ተነሡ። ተገፍተው ነው የሚለውና በፈቃዳቸው ነው የሚለው ክርክር ዛሬም አልበረደም፤ እኔም ልፈርድበት አልቆምሁም። በ1984 ዓ.ም. አቡነ ጳውሎስ ተተኩ፤ አቡነ መርቆሬዎስ በኬንያ በኩል ወደ አሜሪካ ተሰደዱ፤ በስደት ሌላ ሲኖዶስ፣ ማለትም የጳጳሳት ጉባኤ፣ ተቋቋመ፤ በውግዘት ላይ ውግዘት ተደረበ።

ወጣቶቹ ላታስታውሱት ትችላላችሁ። ያን ጊዜ አንድ ሰው ወደማያውቀው ቤተ ክርስቲያን ሲገባ የማን ወገን እንደሆነ መጠየቅ አያስፈልገውም ነበር። ካህኑ በቅዳሴው የፓትርያርኩን ስም እስኪጠራ መጠበቅ ይበቃዋል። ስሙ ሲጠራ አንዱ ፊቱ ይፈታል፣ ሌላው ነጠላውን ሰብስቦ ወደ በሩ ይሄዳል። ከሁለቱም አይደለንም ብለው በገለልተኝነት የቆሙም ነበሩ። በአንድ ከተማ፣ በአንድ ታቦት ስም፣ ሁለት ደብር። አበ ልጅና ክርስትና ልጅ በልደትና በፋሲካ ሳይገናኙ ዓመታት አለፉ።

አባቶችን ለማስታረቅ ብዙ ተደክሟል። በ2005 ዓ.ም. ዳላስ ላይ የተደረገው ንግግር ፍሬ ሳያፈራ ቀረ፤ ብዙም ሳይቆይ አዲስ አበባ ላይ ስድስተኛው ፓትርያርክ አቡነ ማትያስ ተመረጡ። በሐምሌ 2010 ዓ.ም. ግን ዋሽንግተን ላይ ዕርቁ ተፈጸመ። ውግዘቱ ከሁለቱም ወገን ተነሣ። አቡነ ማትያስ በአስተዳደሩ፣ አቡነ መርቆሬዎስ በጸሎትና በቡራኬ እንዲቀጥሉ፣ የሁለቱም ስም በቅዳሴ እንዲጠራ ተስማሙ። አቡነ መርቆሬዎስ በዚያው ወር ከሩብ ምዕት ዓመት በላይ የተለዩዋትን አገር ረገጡ። በየካቲት 2014 ዓ.ም. ያረፉትም በአገራቸው ነው።

ይህ ስምምነት ለሕግ ሊቃውንት የሚመች አልነበረም። ፓትርያርክ በሕይወት እያለ ሌላ አይሾምም ሲል ለኖረ ሰው፣ ሁለት ፓትርያርክ በአንድ ቅዳሴ ሲጠራ መስማት እንግዳ ነገር ነው። እኔ ግን የማደንቀው ይህንኑ ነው። ማን ትክክል ነበር የሚለው ጥያቄ ሳይመለስ፣ የተለያዩት አባቶች በአንድ መቅደስ ቆመው ቀደሱ።

አባቶች ታረቁ። እኛስ? ሁለቱ አጥቢያዎቻችን ያሉት የአሥር ደቂቃ መንገድ ተራርቀው ነው። የፓትርያርኩ ስም በሁለቱም ቤት አንድ ዓይነት ይጠራል። ሆኖም በዚያ ዘመን በመዋጮ የተገዛው ሕንፃ የማን ነው፣ ንዋያተ ቅድሳቱን ማን ወሰደ፣ በጉባኤ ፊት ማን ማንን «መናፍቅ» ብሎ ሰደበ፣ ይህ ሁሉ እንዳለ ነው። ዲያቆኑ «ተአምኁ በበይናቲክሙ»፣ እርስ በርሳችሁ ሰላምታ ተሰጣጡ፣ ሲል ወደ ቀኝና ወደ ግራ እጅ እንነሣለን፤ ከማናውቀው ሰው ጋር ሳይቀር። የተቀየምነው ሰው ግን በዚያ ሰዓት በሌላኛው ደብር ለሌላ ሰው እጅ እየነሣ ነው። ሥርዓቱን ሁለታችንም ፈጽመናል፤ ሰላምታው ግን አልደረሰም።

ጌታችን በተራራው ስብከት ያለውን ታውቁታላችሁ፤ መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ ሂድ፣ አስቀድመህ ከወንድምህ ጋር ታረቅ። ብዙ ጊዜ የምናልፈው አንድ ነገር አለ። ትተህ ሂድ የተባለው ቂም የያዘው አይደለም። ወንድሙ በእርሱ ላይ አንዳች እንዳለው ትዝ ያለው ነው። እኔ የተቀየምሁትን እንድቆጥር አልተጠየቅሁም። ሌላው በእኔ ላይ የያዘውን እንዳስብ ነው የተጠየቅሁት። ይህ ደግሞ ከባድ ነው፤ የራሳችንን በደል መርሳት የለመድንበት ነውና።

ስለ ይቅርታም አንድ ነገር ልጨምር፤ አንዳንዶች ቅር ሊላችሁ ይችላል። «እግዚአብሔር ይፍታ» ተባብሎ መሳሳም ብቻውን ዕርቅ አይሆንም። ዘኬዎስ የበደለውን አራት እጥፍ እመልሳለሁ ብሏል። ቅዱስ ጳውሎስ ፊልሞናን ከባሪያው ከአናሲሞስ ጋር ሲያስታርቅ፣ አናሲሞስ ዕዳ ካለበት በእኔ ላይ ቁጠረው ብሎ በገዛ እጁ ጻፈ። እውነተኛ ሽማግሌ ከኪሱ ሳይቀር ይከፍላል ማለት ነው። ይቅርታ ሲዘገይ የሚሆነውንም አይተናል። ቅዱስ ሲኖዶስ በትግራዩ ጦርነት ጊዜ ስለነበረው ዝምታ የትግራይን ሕዝብ ይቅርታ የጠየቀው በ2015 ዓ.ም. ክረምት ነው። በዚያው ክረምት የትግራይ አባቶች የራሳቸውን ኤጲስ ቆጶሳት ሾሙ። ይቅርታው መጠየቁ መልካም ነው፤ ግን ብዙ ሰው ከተቀበረ በኋላ ነው የመጣው። እኛ የምንጣላበት ነገር ሕንፃና ስድብ ነው። በዚህ ለመዘግየት ምንም ምክንያት የለንም።

ስለዚህ ለሁለቱም የሰበካ ጉባኤዎች አንድ ሐሳብ አለኝ። አቤቱታ አትጻፉ፤ አቤቱታ ሞልቶናል። እያንዳንዱ ወገን፣ ሌላው በእኛ ላይ የያዘው ምንድን ነው ብሎ ይጻፍ። ያንኛው ደብር ስለ ንዋያተ ቅድሳቱ የሚለውን ይህኛው ይጻፈው። ይህኛው ስለ ስድቡ የሚለውን ያኛው ይጻፈው። ሊመለስ የሚችለው፣ ሊካስ የሚችለው፣ በጉባኤ ፊት ይቅርታ ሊጠየቅበት የሚገባው ለየብቻው ይቀመጥ። የገንዘቡን ጉዳይ የሂሳብ ባለሙያ ይየው፤ ካህናቱን በሂሳብ አናስጨንቃቸው። የፍልሰታ ጾም ከመግባቱ በፊት ሁለቱ ወረቀቶች ለሽማግሌዎቹ ይድረሱ።

ሽማግሌዎቹ እዚሁ ከፊት ተቀምጠዋል፤ ጥያቄ ያለው ለእነርሱ ያቅርብ። ወስብሐት ለእግዚአብሔር።